የሰኔ ብድር፣ የጥር ዕዳ

ባለፈው ሰኔ አጎቴ ከጎጃም ደወሉልኝ። እንደወትሮው ስለ ጤና፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ ካወራን በኋላ ዝም አሉ። ገበሬ ስልክ ላይ ዝም ሲል ገንዘብ ሊጠይቅ ተቸግሮ ነው። «ማዳበሪያው መጥቷል ልጄ፤ ጥሬ ገንዘብ ላልያዘ ግን አይሰጥም» አሉኝ። የነበረኝን ላክሁላቸው፤ አልበቃም። በሳምንቱ ስደውል «ተወው፣ ከሰውየው ወስጃለሁ» አሉ።

«በስንት ወሰዱ ጋሼ?»

«ከመቶው አሥር።»

«በዓመት?»

ሳቁብኝ። «በወር ነዋ!»

ሂሳቡን አብረን እንሥራው። በሰኔ የተወሰደ 10,000 ብር በጥር ሲከፈል ሰባት ወር ይሞላዋል። ወለዱ በዋናው ላይ ብቻ ቢታሰብ 17,000 ብር ይሆናል። ወለድ ወለድን ከወለደ ደግሞ 19,500 ብር ገደማ ይደርሳል። በዓመት 120 በመቶ ማለት ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2479 ተዋዋዮች በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ እንዳይስማሙ ይከለክላል። አጎቴ የሚከፍሉት የዚህን አሥር እጥፍ ነው። የወንጀል ሕጉም በሰው ችግር ተጠቅሞ አራጣ ያበደረን በእስራት ይቀጣል። ታዲያ ሰውየው ታሰረ? አልታሰረም። ወረቀት የለም። ያለው ምስክር ተበዳሪው ራሱ ነው፤ እሱ ደግሞ በሚቀጥለው ሰኔ ያንኑ በር ማንኳኳቱ አይቀርም።

አራጣ በጥሬ ገንዘብ ብቻ አይመጣም። ማሳ ወለድ አገድ ይያዛል፤ ዋናው ገንዘብ እስኪመለስ አበዳሪው መሬቱን እያረሰ ይበላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል፤ እዚህ ግን መሬቱ ሳይሸጥ እጅ ይለውጣል። በቡና አብቃይ አካባቢዎች ደግሞ ቡናው ገና ሳይቀላ ዛፉ ላይ እንዳለ በርካሽ ይሸጣል። ስሙ ሽያጭ ነው፣ ግብሩ አራጣ።

ይህን ሳነሳ ከከተማ ሰው ሁለት መልስ እሰማለሁ። አንዱ «ገበሬው መቆጠብ አያውቅም፣ ለሠርግና ለተዝካር ይጨርሰዋል» የሚል ነው። አጎቴ የተበደሩት ለሠርግ አይደለም፤ እኔና እናንተ የምንበላውን ጤፍ ለማብቀል ነው። ሌላው «አራጣ አበዳሪዎቹን ማሰር ነው» የሚል ነው። ይታሰሩ፣ አልቃወምም። ግን አንዱን ብታስሩት በሰኔ ያ በር ተዘጋ እንጂ ሌላ በር አልተከፈተም። የቀረው አበዳሪም ወለዱን «ለፍርሃቴ» ብሎ ይጨምርበታል። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ጭንቀቱን ሳንነካ ስለ ጋብቻው ብንሰብክ ምን ይረባል?

እውነቱን እንናገር። ሰውየው ጭራቅ አይደለም። ለቅሶ ይደርሳል፣ ዕድር ውስጥ አለ፣ ሌሊት ብትሄድበት ይከፍትልሃል፣ ፎርም አያስሞላም። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው። ጉልበቱም ከወለዱ ይልቅ ከሰዓቱ ነው፤ ገበሬው በሚፈልግበት ቀን ገንዘቡ እጁ ላይ አለ።

ሕጋዊው ብድርስ? መቼ እንደሚለቀቅና መቼ እንደሚሰበሰብ ተመልከቱ። አምስትና ስድስት ሆናችሁ ተዋዋሱ ይባላል፤ አንዱ ካልከፈለ ሌሎቹ ይከፍላሉ። ስብሰባው፣ የቀበሌው ደብዳቤ፣ ማጽደቁ እያለ ዘር የሚዘራበት ሳምንት ያልፋል። በስልክ የሚሰጠው ብድርም ብዙውን ጊዜ በቀን፣ በሳምንትና በወር የሚመለስ ነው፤ በሰላሳ ቀን የሚደርስ ጤፍ ደግሞ እስካሁን አልተገኘም። ምርቱ ሲሰበሰብ ሁሉም ሰብሳቢ በአንድ ወር ይመጣል፦ ግብሩ፣ ብድሩ፣ አራጣው። ስለዚህ ሁሉም ገበሬ በአንድ ሳምንት እህሉን ገበያ ያወጣል፣ ዋጋው ይወድቃል። ያን እህል በርካሽ ገዝቶ የሚያከማቸው ማን ነው? ብዙ ጊዜ ያው ሰውዬ ነው። በሰኔ ደግሞ ለዚያው ገበሬ በውድ ይሸጥለታል።

ይህ መንገድ የት እንደሚያደርስ በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. አይተነዋል። በቆሎ ተትረፈረፈ፤ ዋጋው ግን ክፉኛ ወድቆ ለመሰብሰብ እንኳ የማያዋጣበት ቦታ ነበር። ማዳበሪያ በዱቤ የወሰደው ገበሬ መክፈል አቃተው። ዕዳ ለማስመለስ ከብቱ የተነዳበት፣ የታሰረም ነበር። ገበሬው ከማዳበሪያ ሸሸ፣ ድርቁ ተከተለ፣ በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን ያላነሰ ሰው እርዳታ ጠባቂ ሆነ። ድርቁን ዕዳው አላመጣውም፤ ገበሬውን ባዶ እጁን እንዲጠብቀው ያደረገው ግን ዕዳውና ገበያው ናቸው።

ዛሬ ሸክሙ ከብዷል። ማዳበሪያ የምናስገባው ከውጭ በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ድጎማ ቢኖርም ገበሬው በሰኔ የሚያስፈልገው ጥሬ ገንዘብ ጨምሯል። ጥሬ ገንዘብ ባስፈለገው ቁጥር ደግሞ የሰውየው ደጅ ይሞላል።

መፍትሔው ተገኘ የሚሉ አሉ፦ አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ገበሬው የመሬት ይዞታ መብቱን አስይዞ ከፋይናንስ ተቋም እንዲበደር ፈቅዷል። እኔ ግን እፈራለሁ። የመክፈያው ወር ካልተለወጠ ይህ አዋጅ ወለድ አገድን በማኅተም ያደርገዋል። ዝናብ አንድ ክረምት ቢቀር ገበሬው የሚያጣው በሬውን ብቻ አይሆንም፣ ማሳውን ጭምር ነው። መሬት የመጨረሻው ዋስትና ይሁን እንጂ የመጀመሪያው አይሁን። ከብትንና ሰብልን ማስያዝ የሚፈቅድ አዋጅ ቁጥር 1147/2011 አለ። እህልን መጋዘን አስገብቶ በደረሰኙ ለመበደር መሠረት የሚሆን አዋጅ ቁጥር 372 ከወጣ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ሃያ ዓመት አልፎታል። ሕጉ ሞልቷል። ወረዳ ድረስ የወረደው የትኛው ነው?

የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። የግብዓት ብድር በሚያዝያ ይለቀቅ። መክፈያው በጥር መሆኑ ቀርቶ ዋጋ እስኪያንሰራራ፣ እስከ ሚያዝያ ድረስ ይዘግይ። ዝናብ ሲቀር ዕዳውን የሚከፍል የሰብል መድን ከብድሩ ጋር አብሮ ይሰጥ። ጸደይ ባንክም ሲንቄ ባንክም ባንክ ከመሆናቸው በፊት ለድሃው ገበሬ የተቋቋሙ የብድርና ቁጠባ ተቋማት ነበሩ። በከተማ ፎቅ ቁጥር ሳይሆን በሰኔ ስንት ገበሬ ጋ በጊዜ እንደደረሱ እንጠይቃቸው።

አጎቴ በጥር ዕዳቸውን ከፈሉ። አንዱን በሬ ሸጠው ነው። ዘንድሮ ከጎረቤት ጋር በመቀናጆ ያርሳሉ። ሰኔ ሲመጣ ስልኬ ይጮኻል፤ የምመልስላቸው አሁንም አላዘጋጀሁም። መንግሥትስ አዘጋጅቷል?