ቀይ ቀበሮውን ለማዳን ከውሻው እንጀምር



ላሊበላ ሲነሳ ሁሉም የሚያስበው ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን ነው። ከከተማው በላይ ስላለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚያወራ ግን ጥቂት ነው። ከፍታው ከ4,200 ሜትር ያልፋል። ጓሳና ጅባራ ይበቅልበታል፣ ጭላዳ ይሰማራበታል፤ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮም ከቀሩት ጥቂት መጠጊያዎች አንዱ ይኸው ነው። በመላ አገሪቱ ያሉት ጎልማሳ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። የላስታዎቹ በአስሮች የሚቆጠሩ ናቸው። ጎጃም፣ ጮቄ ላይ የነበሩት ጨርሰው ጠፍተዋል።

አቡነ ዮሴፍ ዛሬ በአካባቢው ማኅበረሰብ የሚጠበቅ ጥብቅ ስፍራ ነው። በካምፓሳችን ይህ ሲነሳ «የቱሪስት ጉዳይ ነው» የሚል አይጠፋም። አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲናን ሐረም አድርገዋል፤ ዛፏ አይቆረጥም፣ አውሬዋ አይታደንም። አን-ነቂዕ የተባለውን ስፍራም ሒማ ብለው ለሙስሊሞች ፈረሶች ከልለዋል። በጃሂሊያ ዘመን ሒማ ጉልበተኛው ለራሱ መንጋ ብቻ የሚይዘው ግጦሽ ነበር፤ እርሳቸው የጋራ ጥቅም አደረጉት።

ከሁሉ የሚገርመን የኡመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ትእዛዝ ነው፤ ቡኻሪ ዘግበውታል። ሁነይ የተባለውን ሰው የሒማ ጠባቂ አድርገው ሲሾሙት፣ ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ድሃ እንዲያስገባ፣ የዑስማንንና የዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍን መንጋ ግን እንዲከለክል አዘዙት። ሀብታሞቹ ከብታቸው ቢያልቅ የተምር አትክልትና እርሻ አላቸው፤ ድሃው ግን ልጆቹን ይዞ ኸሊፋው ደጅ ይቆማል። የላስታ ገበሬ መሬት ጠቦት ገብሱን ወደ ተራራው እየገፋ ሲያርስ ይህን ማስታወስ ይገባል። ድሃውን ደጅ የሚያስቀር ክልል ጠባቂ ዞር ሲል ይጣሳል።

ይሁን እንጂ ክልል ብቻውን ቀበሮውን አያድነውም። ዋና ገዳዩ ከውሻ የሚጋባበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ባሌ ውስጥ፣ በወብ ሸለቆ፣ ከአራት ቀበሮ ሦስቱን ያህል ጨርሷል። በ2018 እ.ኤ.አ. በፍየል ሥጋ ውስጥ የተደበቀ ክትባት ለቀበሮዎቹ ማብላት ተጀምሯል፤ ጥሩ ዘዴ ነው። ቢሆንም የበሽታው ምንጭ ከእረኛው ኋላ የሚሄደው ውሻ ነው።

እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንሸሸው። ውሻ ሲጠጋን ልብሳችንን እንሰበስባለን፤ የጦሃራው ሕግ ባለበት ነው። ግን ለእረኝነት፣ ለእርሻና ለአደን ውሻ መያዝ የተፈቀደ ነው፤ ለተጠማ ውሻ ውሃ ቀድቶ ያጠጣ ሰው ምሕረት ማግኘቱንም ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ማስከተብ ከማጠጣት ያንሳል እንዴ? በዚያ ላይ የተከተበ ውሻ የሚያድነው ቀበሮን ብቻ አይደለም። በአበደ ውሻ ተነክሰው ከሚሞቱት ብዙዎቹ ልጆች ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ100 ውሻ 70ው ከተከተበ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። ይህ የሚቻል ቁጥር ነው። ስለዚህ ጀመዓችን ለመጪው ክረምት እንዲህ ቢያቅድ እንላለን፦ የእንስሳት ሕክምና የሚማሩ እህትና ወንድሞቻችን ከትውልድ ወረዳቸው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር ቀን ይቁረጡ። ክትባቱ ቅዝቃዜው ሳይጠፋ ተራራ ላይ እንዴት እንደሚደርስ እኛ የኢንጂነሪንጎቹ እናስብበታለን። ሌሎቻችን መዝገብ እንይዛለን። ውሻውን ባለቤቱ ይይዘዋል፤ ልብሱ የሚያሳስበው ራቅ ብሎ ይጻፍ። ቀኑ በመስጊድ ከጁሙዓ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያን ደግሞ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንዲነገር ኢማሙንና ቄሱን አስቀድሞ ማነጋገር ያስፈልጋል፤ የላስታ እረኛ አብዛኛው ቅዳሴ የሚሄድ ነውና።