ሰባ በመቶ የተፈጥሮ ሕግ ነውን?

አንድ ባክቴሪያ «አዲስ ዝርያ» ተብሎ ሲሰየም፣ ብዙ አንባቢ ተፈጥሮ ራሷ ያሰመረችው ድንበር የተገኘ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው መመዘኛ፣ የሁለት ባክቴሪያዎች ዲኤንኤ እርስ በርስ የመጣመር መጠኑ 70 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ አንድ ዝርያ ናቸው ይላል። ዛሬ በአመዛኙ የሚሠራበት የሙሉ ጂኖም ንጽጽር ደግሞ ድንበሩን ከ95 እስከ 96 በመቶ ተመሳሳይነት ላይ ያኖረዋል። የፊዚክስ መምህር እንደመሆኔ እነዚህን ቁጥሮች ከብርሃን ፍጥነት ጋር ሳይሆን ከሜትር ጋር እመድባቸዋለሁ፤ ባለሙያዎች ለሥራ እንዲመች የተስማሙባቸው ናቸውና።

ስምምነት ስለሆነ ግን ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ወልፋርቲያ ማግኒፊካ የተባለችው ዝንብ እጮቿን በበጎችና በሌሎች እንስሳት ቁስል ላይ ትጥላለች፤ እጮቹም ሕያው ሥጋ እየበሉ ያድጋሉ። የሀንጋሪ ተመራማሪዎች ከእነዚህ እጮች ያገኙትን አንድ ባክቴሪያ በ2001 ሺኔሪያ ላርቬ ብለው ሰየሙት። ሺኔሪያ የሚለው ስም ቀድሞ ለአንድ የዝንብ ወገን ተሰጥቶ ስለነበር በ2007 ኢግናትሺኔሪያ ተብሎ ተለወጠ። (ዝንብ ሲያጠኑ በዝንብ ስም መሰናከል ፈገግ ያሰኛል።) በ2008 ደግሞ ከዚህችው ዝንብ እጮች ወልፋርቲሞናስ ካይቲኒክላስቲካ የተባለ ሌላ ባክቴሪያ ተገለጠ። ስሙ የነፍሳት ቅርፊት የሚሠራበትን ካይቲን ለማፍረስ ያለውን ብርቱ ችሎታ ያመለክታል። በዓመቱ፣ በ2009፣ ይኸው ባክቴሪያ በፈረንሳይ መጠለያ ከሌላት አንዲት ሕመምተኛ ደም ውስጥ መገኘቱ ተዘገበ። ስያሜው ጥቂት ቢዘገይ ኖሮ ሐኪሞቹ ያገኙትን የሚጠሩበት ስም ባልነበራቸው።

የስያሜው ደንብ የአዲሱ ዝርያ መለያ ናሙና ቢያንስ በሁለት አገሮች በሚገኙ የባክቴሪያ ማኅደሮች ሕያው ሆኖ እንዲቀመጥ ያስገድዳል። በ2022 ይፋ የሆነው ሴክኮድ የተባለው ደንብ ግን የጂኖም ንባብ ብቻውን ለስያሜ እንዲበቃ ፈቅዷል። በቤተ ሙከራ ማራባት ላልተቻሉት ባክቴሪያዎች ይህ መንገድ ተገቢ ነው። ማራባት የሚቻለውን ባክቴሪያ ወደ ማኅደር ሳያስገቡ በንባቡ ብቻ መሰየምን ግን አልደግፍም። ካይቲንን የሚያፈርሰው ኢንዛይም ብርታት የሚለካው፣ የትኛው መድኃኒት ባክቴሪያውን እንደሚገታ የሚፈተነው በሕያው ናሙና ላይ ነው። መመዘኛው ከ70 በመቶ ወደ ጂኖም ንጽጽር በተሸጋገረ ጊዜም የቆዩትን ዝርያዎች ዳግም መመርመር የተቻለው ማኅደሮቹ ጠብቀው ባቆዩአቸው ናሙናዎች ነው።