ድመቱ የሞተችበት ልጅ

ውድ አንባቢያን፣ በዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን ብዙዎቻችን እንደ ቀላል የምናልፈውን አንድ ጉዳይ እናነሳለን። ይኸውም የሚወዳት እንስሳ የሞተችበት ሕፃን ሐዘን ነው።

እኛ በምንኖርበት በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ድመት ያለ ሥራ የምትቀመጥ እንስሳ አይደለችም። ማሽላውና ማሾው ተወቅቶ ቤት ሲገባ አይጥም ተከትሎ ይገባል። ትልልቆቹ ድመቷን የሚያውቋት በእህል ጠባቂነቷ ነው። ለልጁ ግን ከወተቱ የሚያካፍላት፣ ሌሊት እግሩ ሥር የምትተኛ ጓደኛው ናት። የሞተች ዕለት እናት ስለ አይጡ ስታስብ ልጅ ራቱን ትቶ ያለቅሳል። ያን ጊዜ ከአፋችን ቶሎ የሚወጣው «ለድመት ይለቀሳል እንዴ? ነገ ሌላ እናመጣልሃለን» የሚል ነው።

የነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አያያዝ ከዚህ የተለየ ነበር። አነስ ቢን ማሊክ (ረ.ዐ.) አቡ ዑመይር የሚባል ትንሽ የእናት ልጅ ወንድም ነበራቸው። ይህ ሕፃን የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ነበረችው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ ቤታቸው ሲገቡ ልጁ አዝኖ አዩት፤ ምን እንደሆነም ጠየቁ። ወፏ እንደሞተችበት ሲነገራቸው ልጁን እንደ ትልቅ ሰው በኩኒያው ጠርተው ስለ ወፏ ጠየቁት። የሐዲሱ መሠረት በቡኻሪና በሙስሊም የሚገኝ ሲሆን የወፏን መሞት የሚገልጸው ዘገባ በአቡ ዳውድ ይገኛል። በ335 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት የሻፊዒይ መዝሀብ ዓሊም ኢብኑል ቃስ ከዚህ አጭር ሐዲስ 60 ቁም ነገሮችን አውጥተው ጽፈዋል። እኛ ለወላጅ የሚሆነውን አንዱን ብቻ እንያዝ፦ በዘገባው ውስጥ «ሌላ ወፍ ይመጣልሃል» የሚል ቃል የለም። አስቀድሞ የተጠየቀው ስለ ሞተችዋ ነው።

ስለዚህ ድመቷ ስትሞት ለልጁ እውነቱን እንንገረው። «ሌላ ሰፈር ሄደች» ብንለው በየበሩ ሲፈልጋት ይከርማል፤ ለልጅ የሚነገር ውሸትም ውሸት ነው። ቢያለቅስም አንከልክለው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት ዓይናቸው አንብቷል። ለእንስሳ ጀናዛ አይሰገድም፤ ነገር ግን በድኑ እንዳይሸትና ውሻ እንዳይጎትተው ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበር መልካም ነው። ልጁም አፈር ያልብስ።

አንዳንድ ወላጆች በድመት ምክንያት እሳት የገባችውን ሴት ታሪክ እያነሱ ያዘነውን ልጅ ያስፈራራሉ። ይህ ተገቢ አይደለም። ያች ሴት ድመቷን አስራ ምግብ የከለከለች፣ ከምድር ተባይ ለቅማ እንዳትበላም ያገደች ናት። ካለው ያበላ ልጅ ከእርሷ ጋር በምን ይመሳሰላል? ይልቅ ለተጠማ ውሻ ውኃ በማጠጣቱ ምሕረት ያገኘውን ሰው ታሪክ እንንገረው።

ሌላ ድመት ከማምጣታችን በፊት ግን የመጀመሪያዋ በምን እንደሞተች እንጠይቅ። የአይጥ መርዝ የበላ አይጥ የበላች ድመት ልትመረዝ ትችላለች። መርዙ በጎተራው ሥር እያለ አዲስ ግልገል ማምጣት ልጁን ለሁለተኛ ሐዘን ማዘጋጀት ነው። መርዝና ድመት በአንድ ቤት አይኑሩ። ድመቷ ባሕርይዋ ተለውጦ ሰው ነክሳ ወይም ቧጭራ ከሞተች ደግሞ የእብደት በሽታ ሊሆን ስለሚችል ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና አጥቦ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

ከዚያ በኋላ አንቸኩል፤ ልጁ ራሱ ይጠይቅ። ግልገሏ ቢያንስ ሁለት ወር ሳይሞላት ከእናቷ ባትለይ ይመረጣል። በድመት ሽያጭ ላይ ዑለማዎች የተለያየ አቋም ስላላቸው ከጎረቤት በስጦታ መቀበሉ ይሻላል። ስለ ጦሃራ የሚሰጋ ቤተሰብም ድመት ነጃሳ እንዳልሆነች አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉትን ሐዲስ ያስታውስ። አዲሷ ስትመጣ ውኃዋንና ምግቧን የሚጠብቀው ልጁ ይሁን፤ አማና መሆኗንም እንንገረው። በሟቿ ስም እንዲጠራት ግን አናስገድደው።

ውድ ወላጆች፣ ዛሬ በድመት ሐዘኑ የተሳቀበት ልጅ ነገ አያቱ ሲሞቱ ለማን ይናገራል? ዛሬ የተደመጠ ልጅ ግን ነገም ወደ እናትና አባቱ ይመጣል። አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን አዛኞች፣ እኛንም የሚያደምጡ ወላጆች ያድርገን። አሚን።