ማኅተሙ ወይስ እጁ?

አንድ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ከፋብሪካ በወጣበት መልኩ ብቻ ተጠብቆ መኖር አለበትን? ወይስ በአዲስ ማርሚታና ከሌሎች ሞተር ብስክሌቶች በተወሰዱ ክፍሎች እንደገና ሊገነባ ይገባዋል? ጥያቄው ላይ ላዩን ለተመለከተው የጋራዥ ወሬ ይመስላል። ጠለቅ ብሎ ለመረመረው ግን የኪነ ጥበብ መሠረታዊ ጥያቄ ሆኖ ይገኛል። ይኸውም የአንድ ሥራ ዋጋ የሚመዘነው በላዩ በተመታው ማኅተም ነው ወይስ ሥራውን ባቀናው እጅና አእምሮ ነው? የሚል ነው።

በአሮጌ ዕቃዎች ሰብሳቢዎች ዘንድ መልሱ ያለቀለት ነው። በሞተሩ ላይና በቴላዮው ላይ የተቀረጹት ቁጥሮች ከፋብሪካው መዝገብ ጋር አንድ ካልሆኑ ዋጋው ይወድቃል። ቀለሙ፣ ብሎኑ፣ ማርሚታው ሁሉ የመጀመሪያው መሆን አለበት። አንድ ክፍል የለወጠ ሰው «አሻሻለ» አይባልም፤ «አበላሸ» ይባላል እንጂ። ይህ አመለካከት ቅርስን የሚያከብር ይምሰል እንጂ በእርግጥ የሚያከብረው የገበያ ዋጋን ነው። ዕቃውን ከፍ አድርጎ ሠሪውን ዝቅ ያደርጋል፤ ፋብሪካን የፈጠራ ሁሉ መጀመሪያና መጨረሻ አድርጎ ይቆጥራል። ታሪክ ግን ይህን አይመሰክርለትም።

ምስክሩ እንግሊዝ አገር ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1950 የኖርተን ኩባንያ የቤልፋስቱ ሬክስ ማካንድለስ የነደፈውን አዲስ ቴላዮ ለእሽቅድምድም አቀረበ። ሃሮልድ ዳንኤል የተባለው ተወዳዳሪ በሞተር ብስክሌቱ ላይ መቀመጥ በላባ ፍራሽ ላይ የመተኛትን ያህል እንደተመቸው በመናገሩ ቴላዮው «የላባ ፍራሽ» የሚል ስም ወጣለት። በዚያው ዓመት ጄፍ ዱክ በዚሁ ቴላዮ ላይ ሆኖ በማን ደሴት የሚካሄደውን ታላቅ ውድድር አሸነፈ። በሌላ ወገን ደግሞ የትራይምፍ ኩባንያ ኤድዋርድ ተርነር እ.ኤ.አ. በ1937 ካወጣው ባለሁለት ሲሊንደር ሞተር የተወለዱ፣ ቀላልና ኃይላቸውን ለመጨመር የሚያመቹ ሞተሮች ነበሩት፤ ነገር ግን የትራይምፍ ቴላዮ በመታጠፊያ ላይ እንደ ኖርተን የረጋ አልነበረም። አንደኛው ጥሩ አጥንት፣ ሌላኛው ጥሩ ልብ ነበረው ማለት ይቻላል። ኩባንያዎቹ ተፎካካሪዎች በመሆናቸው ሁለቱን የሚያገናኝ ፋብሪካ አልነበረም።

ያገናኟቸው በየጓሮውና በየትናንሹ ጋራዥ የሚሠሩ እጆች ናቸው። በዚያ ዘመን በ500 ሲሲ ትናንሽ የውድድር መኪኖች የሚሽቀዳደሙ ሰዎች የኖርተንን የእሽቅድምድም ሞተር አጥብቀው ይፈልጉት ነበር። ኩባንያው ሞተሩን ለብቻው ባለመሸጡ ሙሉውን ሞተር ብስክሌት ገዝተው፣ ሞተሩን አውጥተው፣ ቴላዮውን ይተዉት ጀመር። እንግዲህ ወጣቶቹን «ሙሉውን ዕቃ አፈረሳችሁ» ብሎ የሚወቅስ ሰው ይህን ያስተውል! አንዳንዱን ቴላዮ ሞተር አልባ ያደረገው ባለገንዘብ ተወዳዳሪ ነው፤ ባዶውን አጥንት አንሥቶ የትራይምፍን ሞተር በማስገባት ነፍስ የዘራበት ግን ባለሙያው ነው። ከሁለቱ ስሞች ተዳቅሎ «ትራይተን» የተባለው ሞተር ብስክሌት በዚህ ዓይነት ተወለደ። ዛሬ በሞተር ብስክሌት ታሪክ ውስጥ የከበረ ስፍራ ያለው ይህ ሥራ የአንድም ፋብሪካ ማኅተም የለውም።

ሥራው ደግሞ ያገኙትን በያገኙት ላይ መለጠፍ አልነበረም። የትራይምፍ ሞተር በኖርተን ቴላዮ ላይ እንዲቀመጥ የብረት ወይም የአሉሚኒየም ማሰሪያ ሳህኖችን ለክቶ መቁረጥና መብሳት ያስፈልግ ነበር። ሞተሩ ጥቂት ወደፊት ወይም ወደኋላ፣ ወደላይ ወይም ወደታች ቢል የክብደቱ ሚዛን ይለወጣል። ሰንሰለቱ የሚዞርባቸው ጥርሳም መዘውሮች በአንድ መሥመር ካልዋሉ ሰንሰለቱ ይበላል፤ ሲከፋም ይበጠሳል፤ ነጂውም በሕይወቱ ይከፍላል። ለሌላ ዓላማ የተሠሩ ክፍሎች በአንድ ሐሳብ ሥር ተገዝተው እርስ በርስ እንዲስማሙ ማድረግ ድርሰት ካልተባለ ድርሰት ምን ሊባል ነው? ደራሲም ቢሆን ቃላቱን ራሱ አልፈጠራቸውም።

ስለ ማርሚታም ቢሆን ነገሩ ከዚህ የተለየ አይደለም። የተቃጠለው ጋዝ ከሲሊንደሩ ሲወጣ በቧንቧው ውስጥ የግፊት ሞገድ ይፈጠራል፤ ሞገዱም ከጫፍ ደርሶ ይመለሳል። የቧንቧው ርዝመትና ስፋት በልክ ከሆነ ተመላሹ ሞገድ ሁለቱ ቫልቮች በአንድነት በተከፈቱበት ቅጽበት ደርሶ የቀረውን ጭስ ስቦ ያወጣል፤ ለአዲሱ የነዳጅና የአየር ድብልቅም መንገድ ይከፍታል። ልኩ ከተሳተ ግን ጭሱን መልሶ ይገፋዋል። ጭስ በቀላሉ የሚያሳልፍ ማርሚታ ገጥሞ የካርቡራተሩን የነዳጅ ቀዳዳ በዚያው መጠን ያላስተካከለ ሰው ድብልቁ ነዳጅ ያንሰውና ሞተሩን ያግለዋል፤ ፒስተኑንም እስከማቅለጥ ሊደርስ ይችላል።

የዚህ ዕውቀት ታላቁ ማስረጃ በምሥራቅ ጀርመን ጾፓው ከተማ በነበረው የኤም ዜድ ፋብሪካ የተገኘ ነው። መሐንዲሱ ቫልተር ካደን ለሁለት ምት ሞተር መጀመሪያ እየሰፋ በኋላ እየጠበበ የሚሄድ የጭስ ማውጫ በማዳበር ተመላሹን ሞገድ ሊያመልጥ የነበረውን ድብልቅ ወደ ሲሊንደሩ እንዲመልስ አደረገው። እ.ኤ.አ. በ1961 የ125 ሲሲው ሞተር 25 የፈረስ ጉልበት፣ ማለትም በሊትር 200 ደረሰ። በዚያው ዓመት የቡድኑ ነጂ ኤርንስት ዴግነር ከድቶ ዕውቀቱን ለጃፓኑ ሱዙኪ ይዞ ሄደ፤ በ1962ም በሱዙኪ ላይ የ50 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። አንድ የቆርቆሮ ቧንቧ ቅርጽ የዓለም ሻምፒዮናን ለማስገኘት የረዳው በውስጡ ሐሳብ ስለነበረበት ነው።

ከዚህ አንፃር ሲታይ ወቀሳው በሰብሳቢው ላይ ብቻ አያበቃም። ማርሚታውን አውልቆ ወይም ባዶ ቧንቧ ገጥሞ ሰፈር የሚያናውጥ ሰው «እኔም ፈጣሪ ነኝ» ሊል አይችልም። ጩኸት ኃይል አይደለም፤ ሐሳብም አይደለም። የታመመውን ከእንቅልፉ መቀስቀስ ጥበብ ተብሎ አያውቅም። ነጋዴውም ቢሆን ከነቀፋ አያመልጥም። የትራይምፍ ስም ወራሽ የሆነው አዲሱ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2004 የእነዚያን የጓሮ ሥራዎች መልክ የያዘ «ትራክስተን» የተባለ ሞተር ብስክሌት በፋብሪካ ሠርቶ ለሽያጭ አቀረበ። በማጣትና በብልሃት የተወለደው መልክ ያለ ማጣቱና ያለ ብልሃቱ ተሸጠ ማለት ነው። መልኩን መግዛት ይቻላል፤ ሙያውን ግን መግዛት አይቻልም።

እርግጥ ነው፣ ከዓይነቱ ጥቂት ብቻ የቀረ መሣሪያ መጋዝ ሊነካው አይገባም፤ ስፍራው ሙዚየም ነው። ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን በሺህ የሚቆጠር ወንድም ያለውን፣ ዝገት የበላውን ብረት ሁሉ «አትንኩት» ማለት ቅርስን መጠበቅ ሳይሆን መቃብርን ማስፋት ነው።

ነገሩ ለኢትዮጵያ አንባቢ ሩቅ አይደለም። በመርካቶ ምናለሽ ተራ የዘይት በርሜል ምድጃ፣ የመኪና ብረት መዝጊያ ሆኖ ሲወጣ ትውልድ አይቷል። ሆኖም ይህን የሚሠራ እጅ ስንት ጊዜ በሥነ ጥበብ መጽሔት ገጽ ላይ ተነሥቷል? በስንት ትምህርት ቤት ለምሳሌነት ተጠቅሷል? ማረሻውንና ማጭዱን እየሠራለት ቀጥቃጩን «ቡዳ» እያለ ሲያገል የኖረ ማኅበረሰብ፣ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ቢደርሱም፣ ንቀቱን ከሥሩ ነቅሎ አልጣለም። ስድቡ ቢቀንስም ዝምታው ቀርቷል። ሸራ ላይ የተቀባው «ጥበብ»፣ ብረት ላይ የተሠራው «ጥገና» መባሉ የዚያው ንቀት የተማረ መልክ ነው።

ስለሆነም የሥዕል መምህሩ ተማሪዎቹን አንድ ቀን ወደ ጋራዥ ይምራቸው። ሐያሲውም አንድን የተገጣጠመ ሞተር ብስክሌት እንደ አንድ ግጥም ይመርምረው፤ ክፍሎቹ ይስማማሉ? የተጨመረው ለምን ተጨመረ? የተቀነሰውስ ለምን ተቀነሰ? ብሎ ይጠይቅ። መልስ ያለው ሥራ ማኅተም ባይኖረውም ጥበብ ነው። መልስ የሌለው ሥራ ግን የሺህ ፋብሪካ ማኅተም ቢደረደርበት ብረት ሆኖ ይቀራል።