አንድ መጽሐፍ፣ ሁለት ፈረቃ

እታለም ቤት የ11ኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ አንድ ብቻ ነው። ቀን የልጇ ነው፤ ማታ የእሷ። ልጁ አመሻሽ ላይ ሲመለስ ነጠላዋን ተከናንባ ደጃፍ ላይ ትጠብቀዋለች። መጽሐፉን ትቀበለዋለች፣ ራቱን የት እንዳስቀመጠች ትነግረዋለች፣ ትንሿን እህቱን አደራ ብላው መንገድ ትጀምራለች። ባለፈው ፍኖተ ሰላም ስሄድ ይህን ሦስት ቀን ሙሉ ተቀምጬ አየሁ። በሦስተኛው ቀን ዝም ማለት አቃተኝ።

እታለም የምላት ታላቅ እህቴን ነው። ዘንድሮ 40 ሞላት። በአንድ መሥሪያ ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ትሠራለች፤ ማታ ደግሞ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት።

የተወለድንበት ቀበሌ ትምህርት ቤት 8ኛ ላይ ያበቃ ነበር። ከዚያ በኋላ መማር ማለት ከተማ ገብቶ ቤት መከራየት፣ ቅዳሜና እሁድ እየተመላለሱ ስንቅ ማመላለስ ማለት ነው። የምዕራብ ጎጃም የገጠር ልጅ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። አራት አምስት ሆኖ አንዲት ክፍል፣ አንድ የከሰል ምድጃ፣ ሐሙስ ላይ የሚሻግት እንጀራ። እታለም በ1993 ሚኒስትሪን አለፈች። አባታችን «ትንሽ ትቆይ» አለ። ከሦስት ዓመት በኋላ እኔ ሳልፍ «ትንሽ ይቆይ» ያለ ሰው አልነበረም። ወዲያው ቤት ተከራዩልኝ፤ ዳሞት ሁለተኛ ደረጃ ገባሁ። በየሳምንቱ ስንቄን ተሸክማ የምትመጣው እሷ ነበረች። እንጀራውን መሶብ ላይ ዘርግታ ስታበቃ ደብተሮቼን እያነሳች ታገላብጥ ነበር። ምን እንደምትፈልግ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋትም።

እናታችን ፊደል የለየችው በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ነው። ቀን ስታርም ውላ ማታ በኩራዝ። ያ ዘመቻ በሚቀጥለው ዓመት ለአገራችን የዩኔስኮን የማንበብና መጻፍ ሽልማት አስገኝቷል። በዘመኑ ስለተፈጸመው ሌላ ነገር ብዙ መራራ ነገር መናገር ይቻላል፤ እናቴን ግን ስሟን መጻፍ መቻሏን ማንም ሊነጥቃት አይችልም። የዚያ ዘመቻ ትልቁ ነገር ለእኔ ሽልማቱ አይደለም። ትምህርቱ ራሱ ተነሥቶ ሰው ወዳለበት መሄዱ ነው። አዋቂው ከሥራ የሚመለስበት ሰዓት ይታወቅ ነበር፣ ቋንቋው ይታወቅ ነበር፣ ቦታውም የቀበሌው ዛፍ ጥላ ሊሆን ይችል ነበር።

ፊደል ከቆጠሩ በኋላ ያለው መንገድ ግን እስከ ዛሬ ለልጅ ብቻ የተጠረገ ነው። እታለምን ሳይ የማየው ይህንን ነው። የመጀመሪያው ግድግዳ እንግሊዝኛ ነው። እሷ እስከ 8ኛ ድረስ ትምህርቱን በአማርኛ ተማረች። ከዚያ ከሃያ ዓመት በላይ እንጀራ ስትጋግርና ወለል ስትወለውል ቆይታ 9ኛ ስትገባ፣ ባዮሎጂውም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ሆኖ ጠበቃት። አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ እንኳ ይደናገርበታል። ሁለተኛው ጊዜ ነው። በበርበሬ ለቀማ ወራት የማታው ክፍል ግማሽ ወንበሩ ባዶ ይሆናል። የቡሬና የጃቢ ጠህናን በርበሬና በቆሎ የሚደርሰው ትምህርት በሚጠናበት ወቅት ነው፤ የቀን ሠራተኛዋ ደግሞ የዓመቱን ቤት ኪራይ የምታገኘው ያኔ ነው። ያመለጣትን ትምህርት መልሶ የሚያስተምራት የለም። ሦስተኛው ገንዘብ ነው። ልጇ ቀን በነፃ ሲማር እሷ ማታ ከፍላ ትማራለች።

ኬንያዊውን ኪማኒ ማሩጌን ብዙዎቻችን እናስታውሳቸዋለን። በ1996፣ በ84 ዓመታቸው፣ ቁምጣ ለብሰው አንደኛ ክፍል የገቡት አዛውንት ናቸው። በዕድሜያቸው ዓለም ተደነቀ። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነው። ሽማግሌው ትምህርት ቤት የሄዱት የኬንያ መንግሥት የአንደኛ ደረጃ ክፍያን ባነሣ ማግሥት ነው። ፍላጎቱ ስንት ዘመን አብሯቸው ኖሯል፤ በሩ ሲከፈት ገቡ።

እኛ ዘንድ ግን ከተዘጋው በር ሌላ ነውርም አለ። በጎጃም አዋቂ ሰው ተማሪ መሆኑ እንዴት ነውር ሊሆን ቻለ? የቅኔውን ዋሸራና ዲማ ጊዮርጊስን ያፈራ አገር ነው። ቅኔ ቤት ዕድሜህ ስንት ነው ብሎ የሚመልስ የኔታ የለም። ጺሙ የወረደ ሰው፣ ሚስትና ልጅ ትቶ የመጣ ሰው፣ ከአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ጎን ተቀምጦ ይቆጥራል። ልጁ ከቀደመው ከልጁ ይማራል። አንዱ በሁለት ዓመት ይጨርሳል፣ ሌላው በሰባት፤ ማንም «ወደቀ» አይለውም። ይህንን ሁሉ እያየ ያደገ ሰው ነው ዛሬ እታለምን ደብተር ይዛ ሲያያት «አሁን ደግሞ ምን ልትሆኚ ነው?» የሚላት። ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲመጡ ማንኩሳን የሚያልፉ ሰዎች ፍቅር እስከ መቃብርን ያነሣሉ፤ የበዛብህ አገር ነውና። እኔ ግን በዚያ ስፍራ ባለፍኩ ቁጥር የማስበው ሰብለ ወንጌልን ነው። ለጋብቻ ዘገየች የተባለችው ሴት አስተማሪ ተቀጥሮላት ቤቷ ውስጥ ትማር ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ በመጽሐፋቸው ልብ ውስጥ ያስቀመጡት አንዲት ዘግይታ የምትማር ሴት ነው።

ከ2015 ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የሆነውን ግጭት አንባቢ ያውቃል። መንገድ ሲፈራ መጀመሪያ የሚዘጋው የማታ ትምህርት ነው፤ መጨረሻ የሚከፈተውም እሱ ነው። እታለም ልጇን በአንድ ክፍል ትቀድመው ነበር። የቀኑ ሲከፈት የማታው ገና ስለነበር ልጇ ደረሰባት። መጽሐፍ መካፈል የጀመሩት ለዚህ ነው። ለምን የማታው ትምህርት ወደ ቅዳሜና እሁድ ቀን እንደማይዛወር ብዙ ሰው ጠየቅሁ። ክፍሎቹ ያን ጊዜ ባዶ ናቸው፤ ፀሐይም አለ። እስካሁን አጥጋቢ መልስ አላገኘሁም።

ከሁሉ የሚከብደኝ የመጨረሻው በር ነው። ከ2014 ተፈታኞች ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚሰጠው በአብዛኛው ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ እዚያው እያደሩ ነው። ምክንያቱን አልክድም። በ2008 ፈተናው ተሰርቆ ወጥቶ መሰረዙን፣ በኋላም በየዓመቱ የነበረውን ኩረጃ አይተናል። የመጀመሪያው ዓመት ውጤት ራሱ እውነቱን አወጣው፤ ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጥብቅነቱ ያስፈልግ ነበር። ነገር ግን ለአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ፍራሽ ጠቅልሎ ግቢ ማደር ጀብዱ ነው። ለእናትስ? ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ማን ይሰጣታል? ጡት የሚጠባ ልጅ ያላትስ? ፈተናው በጥብቅ ጥበቃ፣ ግን ለአዋቂ ተፈታኞች በየዞኑ ከተማ፣ ማታ ቤታቸው እየገቡ ሊሰጥ ይችላል ብዬ አምናለሁ። ወረቀቱን በፖሊስ አጅቦ ማምጣት ሦስት ልጆች ያሏትን ሴት ከቤቷ ከማስወጣት ይቀላል።

ደግሞም ሁሉም ዩኒቨርሲቲ ልግባ አይልም። እታለም የምትፈልገው መዝገብ ቤት መሥራት ነው። ለዚያ ቦታ ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር «12ኛ ክፍል ያጠናቀቀ» ይላል። ወለሉን የምትወለውለው ያንኑ መዝገብ ቤት ነው፤ የፋይሎቹን ቦታ ከማንም በላይ ታውቀዋለች።

በሦስተኛው ምሽት ከትምህርት ስትመለስ መጽሐፉን አንሥቼ ገለጥኩት። በየገጹ ዳር በእርሳስ የተጻፈ አማርኛ አለ፤ የከበዱ የእንግሊዝኛ ቃላት ትርጉም ነው። የልጇ ጽሕፈት። ቀን ክፍል ውስጥ የሰማውን ለማታዋ ተማሪ እየጻፈ ያቆይላታል። ከአንዳንዱ ሥር እሷ በራሷ ጽሕፈት ጥያቄ ትተዋለች፤ በማግሥቱ ይመልስላታል።

«ፈተናው ሲደርስ ሁለታችንም አንድ ላይ ነው የምንሄደው» አለችኝ፣ ከሰሉን እያራገበች። «እኔን የሚያሳስበኝ ይቺ ናት።» ትንሿ ልጅ መደብ ላይ ተኝታለች። ስድስት ዓመቷ ነው፤ አባቷ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው።

«ያን ሳምንት እኔ እመጣለሁ» አልኳት።

«ሥራህስ?»

«ፈቃድ እወስዳለሁ፣ እታለም። ስንቃችሁንም አደርሳለሁ።»

ማራገቢያውን አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ መጽሐፉን ከእጄ ወስዳ በፌስታል ጠቀለለችና ልጁ ጠዋት እንዲያገኘው በሩ አጠገብ አስቀመጠችው።