ጉርሻን የበላ ጉርሻ

በአሜሪካ የባርቤኪው ውድድር ዶሮ እንዴት እንደሚዘጋጅ ያየ ሐበሻ መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ያዝናል። ተወዳዳሪው የዶሮ ታፋ ብቻ መርጦ በብዛት ይገዛል። ቆዳውን ገፍፎ ከሥሩ ያለውን ስብ በምላጭ ይፍቃል፣ የአጥንቱን ጫፍና ጫፍ ይከረክማል፣ ሥጋውን እኩል እስኪሆን ያስተካክላል፣ ከዚያ ቆዳውን መልሶ ያለብሰዋል። ቅርጹ እንዳይበላሽበት ትንንሽ ኬክ በሚጋገርበት ጎድጓዳ ቆርቆሮ ውስጥ ከትቶ የሚያበስለውም አለ። በመጨረሻ መንታ ከሚመስሉት መካከል ስድስቱን ለይቶ፣ አረንጓዴ ሰላጣና ፓርስሊ በተነጠፈበት የፎም ሣጥን ደርድሮ፣ እኩለ ቀን ላይ ለዳኞች ያስረክባል። ከተወሰነው ሰዓት አምስት ደቂቃ ካሳለፈ ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ። እኛ ቤት ዶሮ 12 ብልት አላት፤ እያንዳንዱ ስም አለው፣ ለማን እንደሚወጣም ይታወቃል። እዚህ ዶሮዋ አንድ ብልት ብቻ ቀርቷታል፤ እሱም ዳኛው አንዴ ነክሶ እንዲያስቀምጠው የተሠራ ነው።

ተወዳዳሪዎቹ ራሳቸው የሚያበስሉት ለአንድ ጉርሻ እንደሆነ አይደብቁም። ዳኛ አራት ዓይነት ሥጋ፣ ከእያንዳንዱም ዓይነት የስድስት ቡድን ያህል ሥራ በአንድ ከሰዓት ይቀምሳል። ከእያንዳንዱ ቁራሽ ከጥቂት በላይ ከበላ ሆዱ አይችለውም። ስለዚህ ጨውም ስኳሩም ቅባቱም በዚያች አንዲት ጉርሻ ውስጥ መጮህ አለባቸው። ፍርምባው ጨውና ፎስፌት ባለበት ፈሳሽ በመርፌ ይወጋል። ጎድኑ በቡናማ ስኳር፣ በማርና ከፕላስቲክ ጠርሙስ በሚጨመቅ ማርጋሪን ተለውሶ በፎይል ይጠቀለላል። ይህን ቤትህ ለልጆችህ ታበስለዋለህ ወይ ብለህ ብትጠይቀው ብዙው ተወዳዳሪ ይስቅብሃል።

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ሳያስበው ቃል አዘጋጅቶ ጠብቋል። ጉርሻ ጠቅልለን ለምንወደው ሰው አፍ የምናደርሰው ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ለአስተናጋጅ የምንተወው ገንዘብም ጉርሻ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሁለተኛው የመጀመሪያውን እየበላው መሆኑ ነው።

የሚነገረን ግን ሌላ ነው። ሽልማቱ በበዛ ቁጥር ሙያው ያድጋል፣ ቴሌቪዥኑና ስፖንሰሩ ሲመጡ ትንንሾቹ ውድድሮችም አብረው ይጠቀማሉ ይባላል። ሀሳቡ ደስ ይላል። የሆነውን ለማየት ግን ሜምፊስን ማየት ይበቃል።

በቴኔሲ ግዛት፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ባለችው በዚህች ከተማ የግንቦት ወር በዓል አካል የሆነው የባርቤኪው ውድድር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ያኔ ያሸነፈችው ቤሲ ሉዊዝ ካቲ የምትባል ሴት ስትሆን ሽልማቷ 500 ዶላር ነበር። ውድድሩ አደገ፤ ወንዝ ዳር ባለው የቶም ሊ መናፈሻ ለብዙ ዓመታት ተደረገ። (ቶም ሊ በ1925 መርከብ ስትገለበጥ በትንሽ ጀልባው 32 ሰዎችን ከወንዙ ያወጣ፣ ራሱ ግን ዋና የማይችል ጥቁር የወንዝ ሠራተኛ ነበር። ከዚህ ሁሉ የገንዘብ ወሬ ይልቅ የእሱን ታሪክ ብተርክ በወደድኩ።) ከዚያ መናፈሻው በብዙ ሚሊዮን ዶላር ታደሰ፤ አዘጋጁና የመናፈሻው አስተዳዳሪዎች ደረሰ በተባለ ጉዳት ተጣልተው ፍርድ ቤት ደረሱ። በ2024 የቀድሞው ውድድር ወደ ሌላ የከተማዋ ሜዳ ተሰደደ። በለቀቀው የወንዝ ዳርቻ ላይ፣ በዚያው ሳምንት መጨረሻ፣ 250,000 ዶላር ሽልማት የያዘ አዲስ ውድድር ተተከለ። ለዓመታት ጎን ለጎን ድንኳን ሲተክሉ የኖሩ ቡድኖች ወዲያ ወይ ወዲህ ብለው መምረጥ ግድ ሆነባቸው።

እነዚህ ሁለቱ ዝሆኖች ናቸው፤ ጉዳቱን ይችሉታል። ሣሩስ?

ሣሩ በየገጠር ከተማው ያለው ውድድር ነው። አዘጋጆቹ የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ሠራተኞች፣ የቤተ ክርስቲያን ማኅበር ወይም ላየንስ ክለብ የሚባለው የበጎ አድራጎት ማኅበር ናቸው። ዓላማው አዲስ የውሃ ቱቦ መግዛት ወይም የታመመ ሕፃን ማሳከም ነው። ጎረቤት ከዘይት በርሜል የቆረጠውን ምድጃ በፒክአፕ ጭኖ ይመጣል፤ ይህኛው የባሉጥ፣ ያኛው የፖም እንጨት ያነዳል፤ ዳኞቹ የባንክ ቤት ሠራተኛዋና የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ናቸው። ዳኝነቱ አድልዎ እንደነበረበት አልክድም። የከንቲባው ወንድም ሦስት ዓመት ሲያሸንፍ ሁሉም ይስቅ ነበር እንጂ ይግባኝ የሚል አልነበረም።

ትልቁ ገንዘብ ሲመጣ ይህ ውድድር ሁለት ነገር ገጠመው። አንደኛው ቀን ነው፤ የፀደይና የበልግ ቅዳሜዎች ጥቂት ናቸው፣ ትልቁ የያዘውን ቅዳሜ ትንሹ ይለቃል ወይም ባዶ ሜዳ ያቅፋል። ይህን ሁሉም ያወራዋል፣ ስለዚህ አልቆይበትም። ሁለተኛው ግን የባሰ ነው፤ ትንሹ ትልቁን መምሰል ጀመረ።

መምሰል ማለት በካንሳስ ሲቲ ባርቤኪው ማኅበር ደንብ መወዳደር ማለት ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በጥቂት ወዳጆች የተጀመረ ማኅበር ዛሬ በዓለም ትልቁ ነው። ደንቡ ዶሮ፣ የአሳማ ጎድን፣ የአሳማ ወርችና የበሬ ፍርምባ ይጠይቃል። (ከአራቱ ሁለቱ አሳማ በመሆናቸው እኔ ዳኛ ልሁን ብል እንኳ ግማሽ ዳኛ ነው የምሆነው።) ስድስት ዳኞች ለመልክ፣ ለጣዕምና ለልስላሴ ከ9 እስከ 2 ይሰጣሉ፤ ዝቅተኛው ይጣላል፤ የቀረው በየሚዛኑ ተባዝቶ ይደመራል። ፍጹም ውጤት ለአንድ ሥጋ 180፣ በጠቅላላ 720 ነው። ውጤቱ ከነጥብ በኋላ አራት አሃዝ ድረስ ይጻፋል። ለጥብስ! ጫፉ ቀይ የሆነ ሰላጣ ሣጥኑ ውስጥ ከተገኘ ደንብ ፈርሷል። ጎድኑ ከአጥንቱ ልቅቅ ካለ ከሚገባው በላይ በስሏል ተብሎ ነጥብ ይቀነሳል፤ ቤቱ ተቀምጦ ጎድን የሚበላ አሜሪካዊ ግን ልቅቅ ያለውን ነው የሚመኘው።

ለዚህ ደንብ አንድ ነገር ልመስክርለት። ሣጥኑ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። ዳኛው የጠባሹን ቆዳ፣ የአባቱን ስም፣ የመኪናውን ዋጋ አያይም። በስደት አገር ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የከንቲባው ወንድምም በዚህ ደንብ ሦስት ዓመት አያሸንፍም ነበር። ነገር ግን ዓይኑ የተሸፈነው ሣጥኑ ፊት ብቻ ነው። ሜዳው ድረስ ለመድረስ የሚያስፈልገውን የገንዘብ መጠን ማንም አልሸፈነውም። መመዝገቢያው ብዙ ጊዜ 300 ዶላር አካባቢ ነው። ዋጉ የሚባለውን የሰባ የከብት ዘር ፍርምባ የሚገዛ ለአንዱ ብቻ ከ200 ዶላር በላይ ይከፍላል። ነዳጁ፣ ተጎታቹ፣ ቅመሙ ሲደመር በአንድ ቅዳሜ ከ1,000 ዶላር በላይ ማውጣት የተለመደ ነው። ባለ በርሜሉ ጎረቤት እዚህ ላይ ቆም ብሎ ያስባል። ቢያሸንፍ እንኳ ወጪው ላይመለስለት ይችላል።

አዘጋጁስ? የደብተር ጠርዝ ላይ የሠራሁትን ስሌት ላሳያችሁ። 30 ቡድን 300 ዶላር ቢከፍል 9,000 ነው። ከሩቅ የሚመጡትን ለመሳብ 7,500 ዶላር ሽልማት ተለጥፏል። በቀሪው 1,500 የማኅበሩ ክፍያ፣ የዳኞች ምሳ፣ ተንቀሳቃሽ መጸዳጃ፣ መብራትና ዋንጫ ይሸፈናል። እሳት አደጋው ምን አገኘ? በዚያው ቅዳሜ ሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ትልቅ ውድድር ተጠርቶ 18 ቡድን ብቻ ከመጣ ደግሞ የሚሰበሰበው 5,400 ነው፤ ቱቦ ሊገዙ የወጡ ሰዎች 2,100 ዶላር ከኪሳቸው ሊያዋጡ ነው ማለት ነው፣ መጸዳጃውን ሳንቆጥር። በ1978 ሜምፊስ ላይ ዋናው ሽልማት 500 ዶላር ሆኖ ውድድሩ እንደቀጠለ የሚያስታውስ በኮሚቴው ውስጥ የለም።

ነጥቡም ትልቁን ያግዛል። የዓመቱ ምርጥ ቡድን የሚለየው በነጥብ ነው፤ ብዙ ቡድን ባለበት ያሸነፈ የበለጠ ነጥብ ያገኛል። ስለዚህ ከባዱ ተወዳዳሪ የሚሄደው ሰው ወዳለበት ነው፣ ሰውም ከባዱ ተወዳዳሪ ወዳለበት። በዘር እንደሚተላለፍ ሀብት ነው፤ ያለው ላይ ይጨመራል። ስፖንሰር የሚባለው ደግሞ ታማኝ ወዳጅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ አንድ ግዙፍ የጅምላ መደብር በመላ አገሪቱ እየዞረ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር የሚያከፋፍል የባርቤኪው ጉዞ ዘርግቶ ነበር። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ድንኳኑን አጥፎ ሄደ። ገበያተኛ ሲመቸው ይመጣል፣ ሲበቃው ይሄዳል፤ አልወቅሰውም። የምወቅሰው ለእሱ ብሎ ጎረቤቱን የሸኘውን አዘጋጅ ነው።

የሙያው መነሻ የት እንደነበረ ማስታወስ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የካንሳስ ሲቲ ባርቤኪው አባት የሚባለው ሄንሪ ፔሪ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በከተማዋ የልብስ ፋብሪካዎች ሠፈር ለሚሠሩ ሰዎች ያጨሰውን ሥጋ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይሸጥ ነበር። ዛሬ የከተማዋን ስም በተሸከመው ማኅበር ደንብ ያንን ጋዜጣ ይዞ ቢቀርብ፣ ከመልክ ነጥብ በፊት ሣጥኑን ነው የሚከለክሉት። የምግብ ታሪክ ጸሐፊው አድሪያን ሚለር በ2021 ባሳተመው ‹ብላክ ስሞክ› በተሰኘ መጽሐፉ ይህን ሙያ የገነቡት ጥቁር ባለሙያዎች ከታሪኩ እንዴት እየተገፉ እንደወጡ በሰፊው ጽፏል። የመመዝገቢያው ቅጽ ማንንም በቀለሙ አይከለክልም፤ ዋጋው ግን ያጣራል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ የጣዕሙ መመሳሰል ነው። ባለሙያ በሚባል ሰው እጅ ስንመካ ያደግን ነን፤ የእገሊት ወጥ ከእገሊት የሚለየው በእጇ ነው እንላለን። እዚህ ግን ያሸነፈው ቡድን የተጠቀመበት ቅመም በማግሥቱ በብልቃጥ ታሽጎ ይሸጣል፣ አሸናፊው ክፍል ከፍቶ በብዙ መቶ ዶላር ያስተምራል፣ የተማረውም ያንኑ ሠርቶ ለቀጣዩ ቅዳሜ ይመጣል። ዳኛውም ያንኑ ለምዷል። ጨውና ቁንዶ በርበሬ ብቻ ነስንሶ ዋርካ የሚያህል የባሉጥ ጉማጅ ሲያነድ ሌሊቱን ያደረ ሽማግሌ ሲመጣ፣ ጣዕሙ መጥፎ ስለሆነ አይደለም 7 የሚሰጡት፤ እንግዳ ስለሆነባቸው ነው። ተወዳዳሪው በዝቶ ምግቡ አንድ ሲሆን፣ አደገ የተባለው ሙያ የትኛው ነው?

ትንንሾቹ መውጫ አጥተው አይደለም። ሽልማቱ አንድ ዋንጫና የዓመት ጉራ ይሁን፤ ተወዳዳሪው ከአውራጃው አይውጣ፤ ሥጋው አንድ ዓይነት ሆኖ ኮሚቴው ራሱ ያከፋፍል፤ ምድጃው በርሜል ቢሆን ማንም አይሳቅ። ከሁሉ በላይ ሕዝቡ ይቅመስ፣ ድምፅም ይስጥ። ይህን ያቀረብኩላቸው አንድ አዘጋጅ፣ ደግ ሰው ናቸው፣ ‹‹እንዲያማ ከሆነ ከሩቅ ማን ይመጣል?›› አሉኝ። ከሩቅ ሰው መምጣት የውድድሩ ዓላማ የሆነው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ብጠይቃቸው ዝም አሉ።

ባለፈው መስከረም ልጄን ይዤ እንዲህ ወዳለ የተለወጠ የገጠር ውድድር ሄጄ ነበር። ከቤት ሳንወጣ ጀምሮ ፍርምባ ፍርምባ እያለ ነው የመጣው። ተጎታቾቹ እንደ አውቶብስ ተደርድረዋል፤ ጢሱ ከመኪና ማቆሚያው ጀምሮ ያውዳል። ከአንዱ ድንኳን ሄደን ትንሽ ለመቅመስ ብንጠይቅ ልጅ እግሩ ጠባሽ በትሕትና ይቅርታ ጠየቀን፤ ለዳኞች የተዘጋጀ ሥጋ ለሕዝብ እንዳይሰጥ የጤና ቢሮው ይከለክላል፣ ብዙ ቦታ እንዲሁ ነው። አርባ እሳት በሚነድበት ሜዳ ላይ ዞረን ዞረን፣ በመጨረሻ መግቢያው አጠገብ ከቆመች መኪና፣ የበሬ መሆኑን ሁለቴ ጠይቄ፣ ሁለት ሆት ዶግ ገዛን።