ለልጅ ኪቦርድ ስንገዛ ምኑን እንይ?

የማነሳው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ለእኔ ግን የአንድ ልጅ ተስፋ ያለበት ጉዳይ ነው።

እሁድ ጠዋት በነቀምት ከተማ በእግሩ የሚሄድ ሰው ከየአብያተ ክርስቲያናቱ የኪቦርድ ድምፅ ይሰማል። ጊምቢም ሆነ ደምቢ ዶሎ ያው ነው። ልጆች ይህን እየሰሙ ስለሚያድጉ «ግዙልን» ማለታቸው አይቀርም። ችግሩ የሚመጣው ስንገዛ ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ከኪስ ገንዘቤ አጠራቅሜ ለታናሽ ወንድሜ ከገበያ አንድ ኪቦርድ ገዛሁ። የድምፁ ዓይነት ብዛት፣ የመብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ልብ ይሰርቃል። ሻጩም «ወንድሜ፣ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?» አለኝ፤ አመንኩት። ቁልፎቹ ግን 37 ብቻ፣ ያውም ከመደበኛው የጠበቡ ነበሩ። ልጁ ሦስት ወር ሙሉ ተለማመደ። የመዘምራኑ ኪቦርድ ላይ ሲያስቀምጡት ጣቶቹ ካሰበው ቁልፍ አልደርስ አሉ። ቤት መጥቶ «የኔ ጣት ለዚህ አልተፈጠረም» አለኝ። ጣቱ ምንም አልሆነም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

እንደ እኔ እምነት ሦስት ነገር ይበቃል። አንደኛ፣ መደበኛ ስፋት ያላቸው 61 ቁልፎች። ይህ አምስት ኦክታቭ ስለሆነ ሁለቱም እጆች ይሠሩበታል። የፒያኖው 88 ቁልፍ ለጀማሪ ግዴታ አይደለም፤ ትዝታ ሜጀር እንኳ አምስት ድምፅ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ሁለተኛ፣ ቁልፉ የጣትን ኃይል ይለይ፤ ቀስ ሲሉት ቀስ፣ ጠንከር ሲሉት ጠንከር ይበል። ፒያኖ የሚለው ስም ራሱ በጣልያንኛ «ለስላሳና ኃይለኛ» ከሚለው የመጣ ነው። እዚህ ላይ መልክ ያታልላል፦ ካሲዮ ሲቲ-ኤስ 200 እና ሲቲ-ኤስ 300 መንትያ ይመስላሉ፤ የጣትን ኃይል የሚለየው ግን 300ው ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ በባትሪ ድንጋይ ይሥራ። መብራት በጠፋ ቁጥር ልምምዱ ከተቋረጠ ልጅ ይሰለቻል። ሁለቱም ካሲዮዎች በ6 ትንንሽ ድንጋይ ይሠራሉ።

«ገንዘቡስ?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ከባድ ነው። ግን አዲስ መጫወቻ ከመግዛት ያገለገለ ደህና ኪቦርድ ይሻላል። ከመክፈላችሁ በፊት እያንዳንዱን ቁልፍ ተጫኑ፤ አዳፕተሩ የራሱ መሆኑንም አረጋግጡ። ይህም ካልተቻለ ሁለት ሦስት ጎረቤት ተዋጥቶ አንድ ቢገዛ ምን ይለዋል?

የአገራችን ዝነኛ የፒያኖ ሰው እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው አርፈዋል። እሳቸው ሙዚቃን በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ጀመሩ። ያ ዕድል የጥቂት ባለጸጋ ቤተሰብ ልጆች ብቻ ነበር። ዛሬ የወለጋ ልጅ ባሕር መሻገር አያስፈልገውም፤ የሚገዛለት ሰው ትንሽ ይወቅለት እንጂ። ነገ መምህራን የምንሆነው እኛም ወላጅ ሲጠይቀን ይህን እንንገረው።

ወንድሜ አሁን ያገለገለ ባለ 61 ቁልፍ አለው። ባለፈው መብራት ጠፍቶ ሁላችንም ዝም ብለን ስንቀመጥ፣ እሱ በጨለማ ይጫወት ነበር።

ቸር ይግጠመን።